የድሮ ጌታውን ስም የሚጠራ ላፕቶፕ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያወጣው አስፋልት ዳር፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠገንባት አንዲት ጠባብ ቤት አለች። የሄድኩት ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ ይዤ ነበር፤ ትንሽ እንደቆየሁ ስልኩን ረሳሁት። ጠጋኙ ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት ነው፤ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ፣ እናቱና እህቶቹ ዛሬም መጠለያ ውስጥ ያሉ። ከፊቱ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አምስት ላፕቶፕ ተደርድሯል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኩባንያ የቢሮ ኮምፒውተሮቹን ሲቀይር «አሮጌዎቹን አሳድሼ አርባ ልስጥ» ብሎ አምስቱን ለናሙና ልኳል፤ መምህርቷ የተቀባዩ ኮሚቴ አባል ናቸው። ሰዎቹን በስም አልጠራም፣ ኩባንያውንም እንዲሁ። ንግግራቸውን ግን ትንሽ አሳጥሬ አስቀምጬዋለሁ።

መምህርት፦ መጀመሪያ ደብዳቤውን ስማ። «ለወጣት ስደተኞች የሚውል» ይላል። ሐይቅ ውስጥ ስደተኛ የታለ?

ጠጋኝ፦ እኔን አያዩኝም እትዬ?

መምህርት፦ አንተማ ተፈናቃይ ነህ።

ጠጋኝ፦ ምን ለየን?

መምህርት፦ ድንበር። ከተሻገርክ ስደተኛ፣ ካልተሻገርክ ተፈናቃይ። ለስደተኛው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አለለት፤ ስለ ትምህርቱም ስለ ሥራውም ይደነግጋል። ለተፈናቃዩ አፍሪካውያን ካምፓላ ላይ የተፈራረሙት ስምምነት አለ፤ አገራችን በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። በክልላችን በሕጉ አነጋገር ስደተኛ የሚባል ወጣት ከፈለግክ ደባት ሂድ፤ ዓለምዋጭ መጠለያ ኤርትራውያን አሉ። በመተማ በኩል ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ገብተዋል። እዚህ ጃሪና ቱርክ ካምፕ ያለው ግን የአገሩ ልጅ ነው።

ጠጋኝ፦ ቅጹ ግን «የመጡበት አገር» የሚል ሳጥን አለው። እንሙላው ካሉ እኔ ምን እጽፋለሁ? አባቴ አምባሰል ተወለደ። በ1977 በድርቁ ጊዜ ወለጋ ወስደው አሰፈሩት፤ እዚያ ሰፋሪ ተባለ። እኔ አንገር ጉትን አካባቢ ተወለድኩ። ሸሽተን እዚህ ስንገባ ሁላችንም ተፈናቃይ ተባልን። እኔስ እሺ፣ አገሩን አላውቀውም። አባቴ ግን በተወለደበት አገር ነው ተፈናቃይ የሆነው።

መምህርት፦ አንተ ብቻ አይደለህማ። ያኔ ከየቦታው ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ነው የተጫነው፤ ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። እኔ ያኔ ገና ጀማሪ መምህርት ነበርኩ። መስከረም ላይ የመዘገብኳቸውን ልጆች ጥር ላይ ስም ስጠራ የሚመልስልኝ ግማሹ ነበር።

ጠጋኝ፦ አሁን የምንኖርበትም ቢሆን የሌላ ሰው ቤት ነው። ቱርክ ካምፕ የተባለው የባቡር ሐዲዱን ይሠራ የነበረው የቱርክ ኩባንያ ሠራተኞች ሠፈር ስለነበረ ነው። ባቡሩ ሳይመጣ እኛ መጣን። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ አያስደነግጠኝም፤ የምንኖረው ባገለገለ ዕቃ ውስጥ ነው።

መምህርት፦ አብሽር። ሳጥኑን እኔ እሰርዘዋለሁ። ይልቅ ስለነዚህ ንገረኝ።

(ወጣቱ ካቻቢቴውን አነሳና የመጀመሪያውን ገለበጠው። እጁ ሲሠራ አፉም የሚፈታ ዓይነት ሰው ነው።)

ጠጋኝ፦ ይኼ ሌኖቮ ቲንክፓድ ነው፤ ደግ ዕቃ። ይኼ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ያኛው ዴል ላቲትዩድ። ሦስቱም የቢሮ ማሽኖች ናቸው። ድርጅቶች በየሦስት፣ በየአራት፣ ቢበዛ በየአምስት ዓመቱ ይቀይሯቸዋል፤ ተበላሽተው ሳይሆን የሒሳብ መዝገቡ ላይ ዋጋቸው ስላለቀ። ለጠጋኝ ምቹ ናቸው። ጥቂት ብሎን ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ ባትሪው፣ ራሙ፣ ማራገቢያው ሁሉ እፊቴ ነው። አሁን ከሚወጡት ስስ ላፕቶፖች የብዙዎቹ ራም ቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ ቢበላሽ አብሮ መጣል ነው።

መምህርት፦ እና ታዲያ ምን ጎደላቸው?

ጠጋኝ፦ አንደኛው ሀርድ ዲስክ የለውም። ነቅለው አስቀርተውታል።

መምህርት፦ ለምን?

ጠጋኝ፦ የደንበኞቻቸው መረጃ አለበት፤ እሱን ፈርተው ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ዲስክን በሶፍትዌር ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት ይቻላል፤ መርማሪ እንኳን የማያገኘው አድርጎ። ማሽኑን ለሰዓታት አብርቶ መተው ነው። ያንን የሚጠብቅ ሰው ስላልመደቡ ነቅለው አስቀሩት። እኛ እዚህ ኤስኤስዲ ልንገዛ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም።

መምህርት፦ ሁለተኛውስ?

ጠጋኝ፦ ባዮሱ በፓስወርድ ተቆልፏል። ዊንዶው ልጫንበት ስል «አንተ ማነህ?» ይለኛል። ቤት ሰጥተውን ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ረስተዋል። ሦስተኛው ደግሞ የባሰ ነው። ፎርማት አደረግኩት፣ አዲስ ዊንዶው ጫንኩበት፣ ፏ አለ። ደስ ብሎኝ በስልኬ ዳታ ኢንተርኔት ሳስገባለት፣ የኩባንያውን ስምና ዓርማ አውጥቶ «እንኳን ደህና መጣህ፣ የሥራ ኢሜይልህን አስገባ» አይለኝም!

መምህርት፦ ዛር አለበት እንዴ? የጌታውን ስም የሚለፈልፍ!

ጠጋኝ፦ ከዛር አይርቅም። ኩባንያው የማሽኑን ቁጥር ማይክሮሶፍት ዘንድ አስመዝግቦታል፤ እንዳይሰረቅ። ዲስኩን ቢቀይሩለት እንኳ፣ እንደ አዲስ ተጭኖ ሲነሳ ኢንተርኔት ካገኘ ጌታውን ይጠይቃል። ያንን ምዝገባ መሰረዝ የሚችለው ራሱ ኩባንያው ነው። እዚያ ለአንድ ሠራተኛ የደቂቃዎች ሥራ፣ እዚህ እኔ ዓመት ብለፋ የማልፈታው።

መምህርት፦ አራተኛው ደህና ይመስላል።

ጠጋኝ፦ ኪቦርዱን ይዩት። የጀርመን ነው፤ እናት ድርጅታቸው አውሮፓ መሆን አለበት። የ«ዜድ» እና የ«ዋይ» ቦታ ተለዋውጧል። ልጁ የአማርኛ ኪቦርድ አብርቶ፣ ቁልፉ ላይ ያለውን ፊደል አምኖ «ዘነበ» ብሎ ሲጽፍ «የነበ» ይልለታል።

(መምህርቷ እስኪያስላቸው ሳቁ።)

ጠጋኝ፦ ይኼ ቀላል ነው፤ ተለጣፊ ፊደል አለ። ደግሞ የወለጋ ልጆች ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እየጻፉ ስላደጉ ፊደሎቹ አዲስ አይደሉባቸውም። የመጨረሻው ብቻ ያለምንም ነገር ተነሥቷል። ከአምስት አንድ። ከአርባ ስምንት ማለት ነው።

መምህርት፦ እንዲህ አይሰላም ልጄ። አምስት ናሙና ለአርባ አይመሰክርም። ማን እንደመረጣቸውም አናውቅም፤ ደህና ደህናውን መርጠው ልከው ይሆናል፣ ከላይ ያገኙትንም አንስተው ይሆናል። ይልቅ አንድ ነገር አስረዳኝ። ደህና ዕቃ ከሆነ ለምን ይሰጡናል?

ጠጋኝ፦ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፍ አቆመ። ወደ 11 ለመሻገር ማሽኑ ውስጥ አንድ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠየቃል። ከእነዚህ ሁለቱ አይችሉም። የሞቱት በወረቀት ነው እንጂ ልባቸው ይመታል። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ማሽን በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ኩባንያው ሊጥለው አይችልም፤ ቢጥለው ይወቀሳል። መጋዘን ቢያስቀምጠው ቦታ ይይዝበታል። ቢሰጠው ይመሰገናል።

መምህርት፦ ስለዚህ ቆሻሻቸውን እያራገፉብን ነው ልትለኝ ነው?

ጠጋኝ፦ አላልኩም። የተባበሩት መንግሥታት ዘገባ በአንድ ዓመት ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጣ ይላል፤ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና የተሠራው ከሩቡ ያንሳል። አንድ ላፕቶፕ ምድርን የሚጎዳው ደግሞ በአብዛኛው ፋብሪካ ሲመረት ነው፤ ሲያገለግል አይደለም። ስለዚህ አምስት ዓመት ቢጨመርለት ለሁሉም ጥሩ ነው። ይኼን የለበስኩትን ጃኬት ይዩት፣ ሰልባጅ ነው። ያሞቀኛል። ሰልባጅ ስገዛ ግን ዚፑን ከፍቼ ዘግቼ፣ ኪሱን ገልብጬ ነው። ስጦታ ሲሆን ዚፕ መሞከር ነውር ይሆናል። የኔ ቅሬታ እሱ ብቻ ነው።

መምህርት፦ እኔ ስጦታ ሲሉኝ የማስበው ፕላዝማን ነው። አንተ ያኔ ሕፃን ነበርክ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ትልልቅ ስክሪን ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚያስተምረው እሱ ነው፤ እኔ መጀመሪያ ላይ አስተዋውቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለ?» እላለሁ። ሰውዬው ጥያቄ ይሰጥና «አንድ ደቂቃ አላችሁ» ይላል። ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱን ይጽፋል። አቁመው አይባል፣ መልሰው አይባል። ሃያ ዓመት ጠመኔ የያዘ እጄ ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ ቀረ።

ጠጋኝ፦ ሲበላሽስ?

መምህርት፦ እሱን ልነግርህ ነው። ሲበላሽ ቴክኒሻን እስኪመጣ እንጠብቃለን። እንዳንነካው ተነግሮናል። አንድ ጊዜ የኔ ክፍል ለሁለት ወር ጠቆረ። ያ ሁለት ወር፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንደልቤ ያስተማርኩበት ነው! ግን ከዚያ ሁሉ ገንዘብ የከተማው ልጅ አንድ ገመድ መቀጠል እንኳ አልተማረም። ኋላ ስክሪኖቹ አቧራ ጠጥተው ቀሩ።

ጠጋኝ፦ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚባለው የአሜሪካኖቹ ፕሮጀክት አገራችን ገብቶ ነበር፤ አረንጓዴና ነጭ የሆኑ ትንንሽ ላፕቶፖች፣ አምስት ሺህ ያህል። እኔ የወደድኩት ግን እነዚያው ሰዎች በ2004 ዓ.ም. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ያደረጉትን ነው። ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን ሰጡ፤ አስተማሪ የለ፣ መመሪያ የለ። ፕሮጀክቱን የሠሩት ራሳቸው እንደሚናገሩት፣ በወራት ውስጥ ልጆቹ የታብሌቱን ካሜራ ከፈቱት። አንድ ሠራተኛ በሶፍትዌር ዘግቶት ነበር።

መምህርት፦ ፊደል ሳይቆጥሩ ካሜራ መክፈት ምን ይረባቸዋል? እነሱን ማወደስ ለሰጪዎቹ ይመቻል፤ አስተማሪ አያስፈልግም ለማለት። በዚህ አልስማማህም።

ጠጋኝ፦ አስተማሪ አያስፈልግም አላልኩም እትዬ። የተዘጋውን መክፈት አይከልከሉ ነው ያልኩት። ካማራ የሚባል የአየርላንድ ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተ። ከኩባንያዎች ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ሰብስቦ፣ ዲስካቸውን አጥርቶ፣ ጠግኖ፣ ለአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ይልካል፤ ኢትዮጵያም ሠርቷል። እነሱ የገባቸው ነገር ሳጥን መላክ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ መምህራኑን አብረው ያሠለጥናሉ።

(መምህርቷ ብርጭቆ ሻያቸውን አስቀመጡና ወንበራቸውን አስጠጉ። ከዚህ በኋላ ያለው ጠብ ይመስል ነበር።)

መምህርት፦ አሁን እኔ የምፈልገውን ስማኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር ሆኗል። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ነው። መዳፊት ነክቶ የማያውቅ ልጅ መልሱን ቢያውቀውም ቀስቷን ስክሪኑ ላይ ሲያሳድድ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ አርባውንም አንድ ክፍል አስገብቼ፣ ጠረጴዛው ላይ አስሬ፣ በተራ በተራ ማለማመድ ነው የምፈልገው። ለግል ማደል አልፈልግም።

ጠጋኝ፦ ቁልፉ ማን ጋ ይሁን?

መምህርት፦ ርዕሰ መምህሩ ጋ።

ጠጋኝ፦ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ሲሄድ?

መምህርት፦ አንተ ደግሞ!

ጠጋኝ፦ ቆልፎ ማስቀመጥ አያድንም እትዬ። እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል።

መምህርት፦ እሱስ እውነትህን ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኛም ቤታችንን ጥለን ወጥተናል። ስመለስ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የቀረው የኤሌክትሪክ ገመድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከግድግዳ ስላልተነቀለ። ስለዚህ የከተማውም ልጅ ኮምፒውተር የለውም፣ ይኼን አትርሳ። «ለተፈናቃይ ብቻ» ብለን ካምፕ ብናስገባው ነገ ልጆቹን የሚያጣላ ነገር ነው። የሐይቅ ሰው ቤቱን ከፍቶ፣ እንጀራውን ቆርሶ ነው የተቀበላችሁ፤ እሱም ልጅ አለው።

ጠጋኝ፦ (ትንሽ ዝም ካለ በኋላ) ልክ ነዎት። ግን ለግል ማደልን ለምን እንደፈሩት አውቃለሁ። ይሸጡታል ብለው ነው።

መምህርት፦ አይሸጡትም?

ጠጋኝ፦ እኔ እሸጠው ነበር። በመጣን በመጀመሪያው ክረምት አንድ ላፕቶፕ ቢሰጡኝ በሳምንቱ እሸጠው ነበር፤ እናቴ ታማ ነበር። ካምፕ ውስጥ ስንዴ ሲሰጥም እኮ ግማሹ ተሽጦ ዘይትና ሳሙና ይሆናል። ሰጪው ሲያይ «ስንዴ አልቸገራቸውም» ይላል። ላፕቶፕ የሸጠ ልጅ መማር ጠልቶ አይደለም። የተሸጠውም ላፕቶፕ አይሞትም፤ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል።

መምህርት፦ እና ምን ይደረግ ነው የምትለው? ክፍሉን አልወደድክ፣ ማደሉንም አላመንክበት።

ጠጋኝ፦ ክፍሉ ይሁን። ሌሎችም ያዋጣቸው እሱ ነው፤ ኬንያ፣ ዳዳአብ የስደተኞች መጠለያ፣ የቮዳፎን ፋውንዴሽን ለትምህርት ቤቶች የሰጠው ሃያ አምስት ታብሌት፣ ባትሪና ፕሮጀክተር ያለው ሳጥን ነው፤ ለክፍል እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ግን ከአርባው አሥሩን ለእኔ ይስጡኝ። ለመበተን።

መምህርት፦ ለመበተን? ደህናውን ላፕቶፕ?

ጠጋኝ፦ ሕመምተኛውን። ከሁለት ሕመምተኛ አንድ ጤነኛ ይወጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ መማሪያ ይሆናል። አምስት ልጅ ከካምፑ፣ አምስት ከከተማው፣ ሴቶቹ እንዳይቀሩ። ከሰዓት በኋላ እዚህ ይምጡ። መጀመሪያ ቀን ሁሉም አንድ አንድ ማሽን ፈታትቶ ብሎኖቹን በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ይደረድራል። እኔ ስልክ መጠገን የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ነቀምቴ አንድ ሰውዬ ዘንድ፣ የተጣለ ኖኪያ እየበተንኩ። ስንሸሽ የያዝኩት አንዲት ካቻቢቴና ስታኞ ነበር፤ የገባን ቀን ማታ የሰው ስልክ ጠግኜ እራት በላን። ከ2016 ወዲህ ወደ ወለጋ የተመለሱ ሰዎች አሉ። እኛም አንድ ቀን እንመለስ ይሆናል። ያኔ ክፍሉን ጠቅልሎ የሚሄድ የለም።

መምህርት፦ ኢንተርኔቱስ? ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለስንት ወር ተዘግቶ ነበር። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር አምስት ሚሊዮን ወጣት ኮዲንግ ላስተምር ብሎ ጀምሯል፤ ትምህርቱ በነፃ ነው። ግን በኢንተርኔት ነው።

ጠጋኝ፦ ሳይገናኝም የሚሠራ አለ። ኪዊክስ በሚባለው ሙሉ ውክፔዲያን ፍላሽ ላይ ጭኖ ማንበብ ይቻላል፤ የአማርኛው ትንሽ ነው፣ አሥራ አምስት ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው፣ የእንግሊዝኛው ግን ባሕር ነው። ኮሊብሪ የሚባል ደግሞ አለ፤ ቪዲዮውንም መልመጃውንም አንዱ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጦ ለሌሎቹ ያካፍላል። ዊንዶውስ 11 እምቢ ያለውን ማሽን ሊኑክስ እጭንበታለሁ። መዳፊት መልመድ ላይ ለውጥ የለውም።

መምህርት፦ (ወደ መስኮቱ እያዩ) ሐይቃችን ውስጥ ያለው ቆሮሶ ዓሣ እኮ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ ታውቃለህ? በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሩት። ያኔ ስንት ዓሣ እንደጨመሩ አሁን ማንም አይጠይቅም። ዛሬ ስንቱ አጥማጅ ይኖርበታል።

ጠጋኝ፦ እንዲህ ሲሉ «ያንተን አሥር ላፕቶፕ ፈቀድኩ» እያሉኝ ነው።

መምህርት፦ አትቸኩል። ውሃውም ተለውጧል። በጣሊያን ጊዜ የለኩት ሰዎች ጥርት ያለ ነበር ብለው ጽፈዋል፤ ቆሮሶው ከገባ በኋላ ግን ደፈረሰ፣ ዋቅላሚውን ይበሉ የነበሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ዓሣው ስለበላቸው ነው ይባላል። ስለዚህ አሥሩን ስትበትን የሚተርፈው ባትሪ የት ይጣላል? ሐይቁ ዳር እንዳላየው።

ጠጋኝ፦ ያበጠ ባትሪ እኔም እፈራዋለሁ፤ ቢወጋ ይነድዳል። አቃቂ መንግሥት ያቋቋመው አሮጌ ኮምፒውተር የሚበተንበት ማዕከል ነበር። የማይሠራውን ኩባንያው በላከበት መኪና መልሶ ይውሰድ። አዲስ አበባ ያለው እሱ ነው።

መምህርት፦ እሱን ውሉ ላይ እናስገባዋለን። ውሉን አሳየሁህ? አራት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ። ወጣቶቹ ላፕቶፕ ይዘው ፎቶ እንዲነሱ ለዓመታዊ መጽሔታቸው፤ ማስወገዱ የተቀባዩ ኃላፊነት ነው፤ ማሽኑ «ባለበት ሁኔታ» ይሰጣል። ፓስወርድ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ጠጋኝ፦ ኮሚቴው ሊፈርም ነው?

መምህርት፦ ሊፈርም ነበር። እኔ «በአማርኛም ይምጣና ሁለቱን አስተያይቼ ነው» አልኩ። ሊቀመንበሩ «እትዬ፣ ስጦታ እኮ ነው» አለኝ። «እኔ ግን የአምባሰል ልጅ ነኝ» አልኩት። ይስማ ንጉሥ እኮ እዚያው ውጫሌ አጠገብ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በሁለት ቋንቋ ነበር፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ ይላል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው። ከዚያ ዓድዋ ድረስ ሄድን። ላፕቶፕ ዓድዋ አያደርሰንም፣ ግን ለማንበብ ምን ያስቸኩለናል?

(ጠጋኙ ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። መምህርቷ ያን ጊዜ ነው መኖሬን ያስተዋሉት፤ «አንተስ፣ ስልክህ አልደረሰም?» አሉኝ። አልደረሰም አልኩ።)

ጠጋኝ፦ ስለዚህ የምንመልሰውን እንጻፍ። ዲስካቸውን ሙልጭ አድርገው አጥፍተው ከነዲስኩ ይላኩ። የባዮሱን ፓስወርድ ያንሱ። ምዝገባውን ይሰርዙ፤ የማሽኖቹን ቁጥር እኛ እንልክላቸዋለን። ቻርጀር ለእያንዳንዱ። የሞተውን መልሰው ይውሰዱ። ሌላ?

መምህርት፦ ፎቶ የሚነሳው የፈቀደ ልጅ ብቻ ነው። በተለይ የካምፑ ልጆች፤ ማን ከማን እንደሸሸ እኛ አናውቅም። ደግሞ «ስደተኞች» የሚለው «የሐይቅና የአካባቢው ተፈናቃይና ነዋሪ ወጣቶች» ይባል። ይረዝማል፣ ግን ይርዘም።

ጠጋኝ፦ ለሚያሠለጥነውስ? ትንሽ የሻይ…

መምህርት፦ የሻይ አይባልም። ደመወዝ በል። አንተ በነፃ ካሠለጠንክ በሁለተኛው ወር ቤት ኪራይ ያቅትህና ሱቁን ትዘጋለህ። ላፕቶፖቹን የሚያጓጉዘው ሹፌር ይከፈለው የለ? ጻፍ።

ጠጋኝ፦ እምቢ ቢሉስ?

መምህርት፦ እምቢ ካሉ አምስቱ አሉን። ደብተር ግን እፈልጋለሁ። የእያንዳንዱ ማሽን ቁጥር፣ የመጣበት ቀን፣ ምኑ ተበላሸ፣ ማን ከፈተው፣ ማን ወሰደው፣ መቼ መለሰ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባል አለ፣ ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው። ገዳሙ የነበሩትን መጻሕፍት ዝርዝር እዚያው ወንጌሉ ውስጥ ጽፈውት ነው ዛሬ የምናውቀው። እኔ ሴት ስለሆንኩ ገዳሙ አልገባም፣ በፎቶ ነው ያየሁት። አንተ ግን ግባና እየው፣ አጠገብህ ሆኖ።

ጠጋኝ፦ አይቼዋለሁ እትዬ። ማለቴ፣ ደጁን። ውስጥ ያለውን አላሳዩኝም።

(መብራት ጠፋ። ከውጭ የጎረቤቱ ሙዚቃ ቤት ድምፅ ተቋረጠ፤ ከአምስቱ ላፕቶፖች በርተው የነበሩት ሦስቱ ናቸው፣ ሁለቱ ወዲያው ጭልም አሉ። ቻርጀር ላይ ተሰክተው የሚኖሩ፣ ባትሪያቸው ቢሮ ውስጥ ተፈትኖ የማያውቅ። አንዷ ብቻ በራች፤ ቲንክፓዷ።)

ጠጋኝ፦ ሰዓትዎን ይዩልኝ።

መምህርት፦ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አራት። ስንት ትቆያለች ትላለህ?

ጠጋኝ፦ ሃያ ደቂቃ ከዘለቀች ካምፕ ትገባለች።

መምህርት፦ ብርሃኗን አትቀንሳት። ልጅ እንደሚጠቀምባት ተዋት።

(ስልኬን መጠየቅ አልቻልኩም። ሦስታችንም ስክሪኑን እያየን ተቀመጥን፤ መምህርቷ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መስመር እያሰመሩ፣ እኔ ደግሞ በሆዴ ደቂቃ እየቆጠርኩ።)

ጠጋኝ፦ ስንት ሆነ?

መምህርት፦ አሥራ ሰባት ደቂቃ።